14 ሜትር

«ስልክሽን ፌስታል ውስጥ ክተቺው፣ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪና ሁለት ጊዜ ቋጥሪው። አንዴ መቋጠር አይበቃም።»

ይህን ያለኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ እየጠጣን። ለ10 ቀን በሸራ ጀልባ የቱርክን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ልንዞር ነው ብዬ ስነግረው አልተገረመም፤ ለምን ብሎም አልጠየቀኝም። እናቴ ግን በስልክ «ባሕር ላይ ልታድሪ? በገዛ ገንዘብሽ?» ካለች በኋላ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» ብያለሁ።

አልፈርድባትም። እኛ ቤት ባሕር የሚነሣው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ በኦሪት ዘፀአትና በሊቢያ። የአክስቴ ልጅ በ2006 ዓ.ም. በሊቢያ በኩል ነው የመጣው። ስለ መንገዱ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ስንገናኝ ስለ ሥራ ፈረቃው፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አርሰናል እናወራለን። የፌስታሉ ምክር ከዚያ ጉዞ የመጣ መሆኑን ያኔ አላስተዋልኩትም። እኔን ያሳሰበኝ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። አይቻልም። ጀልባ ላይ የማይተጣጠፍ ነገር ማስቀመጫ የለውም።

ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እንዴት እንደተሳፈርኩ ላስረዳ። ዋና የተማርኩት በ37 ዓመቴ ነው፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ፣ ከጡረተኞችና ከአንድ ሶርያዊ ዳቦ ጋጋሪ ጋር። አሠልጣኛችን በየመስከረሙ ጀልባ ተከራይቶ ከወዳጆቹ ጋር ባሕር የሚወጣ ሰው ነው፤ የመንዳት ፈቃድም አለው። ከወዳጆቹ አንዱ እግሩ ተሰበረና አንድ አልጋ ተረፈ። «ትዋኚያለሽ፤ ስለዚህ ትመጫለሽ» አለኝ። የምዋኘው 25 ሜትር ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ጠርዙን እየነካሁ።

ጀልባዋን የተረከብነው ጎጄክ ነው፣ ፌትሂዬ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ። ርዝመቷ 45 ጫማ፣ 14 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አራት መኝታ ክፍል፣ ሁለት ሽንት ቤት፣ አንድ ምሰሶ፣ ስምንት ሰው። እኔና ከሙኒክ የመጣች አንዲት መምህርት የደረሰን በአፍንጫዋ በኩል ያለው ክፍል ነው። ጀልባዋ ወደ ፊት ስለምትሾል ፍራሹም ይሾላል፤ ራስጌ ላይ ሰፊ ነው፣ ግርጌ ላይ የሁለት ሰው አራት እግር አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ከተዋወቅን ሁለት ሰዓት ያልሞላን ሴቶች ነን። መምህርቷ ስለ እግሯ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ክረምት ላይ ከገጠር እንግዳ ሲመጣ ከሦስት የአጎት ልጆች ጋር እግርና ራስ ሆኜ ተኝቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእነሱ የበለጠ ልምድ ያለኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ልምዴ ውኃ ነበር። ጀልባዋ የምትይዘው ንጹሕ ውኃ ለስምንት ሰው ለጥቂት ቀን ነው የሚበቃው። ካፒቴኑ (አሠልጣኛችንን ከዚህ በኋላ እንዲህ ልጥራው) በመጀመሪያው ማታ ሰብስቦን ገላ እንዴት እንደምንታጠብ አስረዳ፤ ባሕር ውስጥ ገብታችሁ ሳሙና ትቀባላችሁ፣ ከዚያ በትንሽ ንጹሕ ውኃ ትለቀለቃላችሁ። «በትንሽ» ሲል ስንት ሊትር እንደሆነ አንዱ ጠየቀ። በፈረቃ ውኃ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን አይጠይቅም። በአንድ ጆግ ፀጉሬን ጭምር ስለቀለቅ ያዩ ከስቱትጋርት የመጡ ሁለት ወንድማማቾች በማግስቱ ሥልጠና እንድሰጣቸው ለመኑኝ። የሽንት ቤቱን ነገር በዝርዝር አልጽፈውም። በእጅ ፓምፕ የሚሠራ ነው፣ ደንቡም አንድ ነው፤ ያልበላችሁትንና ያልጠጣችሁትን ነገር አትጣሉበት፣ ወረቀትም ቢሆን።

ሦስተኛው ደግሞ ሒሳብ። ጀርመኖች ጀልባ ላይ «ቦርድካሴ» የሚሉት ነገር አላቸው። ሁሉም እኩል አዋጥቶ አንድ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ምግብ፣ ነዳጅ፣ የወደብ ክፍያ ከዚያ ይወጣል። ካፒቴኑ በልማድ አያዋጣም፣ ኃላፊነቱ ይበቃዋልና። እኔን ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ። «ዕቁብ ጽፌ አውቃለሁ» ብያቸው ነበር፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ደብተሩን በሙሉ ጉዞው ከያዝኩበት ጊዜ ይበልጣል። እጣ እንደሚወጣ ስነግራቸው ቁማር ነው ብለው ደነገጡ።

ቡና አላፈላሁም። ሁሉም ጠብቀውኝ ነበር፤ ከመነሣታችን በፊት አንዷ «ሥርዓቱን ታሳዪናለሽ አይደል?» ብላ ጽፋልኛለች። ዕረፍት ልወጣ ከፍዬ ከሰል ላቀጣጥል? የቱርክን ቡና ተቀምጬ ጠጣሁ።

በዚህ ዳርቻ በጀልባ መዝናናትን ቱርኮች «ሰማያዊ ጉዞ» ይሉታል። ልማዱን በማስጀመር ስሙ የሚነሣው ጄቫት ሻኪር የተባለ ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በጻፈው ነገር ተከስሶ ወደ ቦድሩም ተጋዘ። ያኔ ቦድሩም የስፖንጅ ጠላቂዎችና የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ሰው የሚላክባት እንዲረሳ ነው። እሱ ግን ወደዳት፤ የግዞቱ ጊዜ ሲያልቅ በፈቃዱ ተመልሶ ኖረባት፣ በኋላም ወዳጆቹን በስፖንጅ ጀልባ እየጫነ ዳርቻውን ያሳያቸው ጀመር። ዛሬ ጎጄክ ላይ ምሰሶው እንደ ባሕር ዛፍ ጫካ ተደርድሮ ሲታይ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ግዞተኛ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሸራ መንዳት እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ባሕሩ የተዘረጋ ነጠላ ይመስላል፣ ሞተር ካልሆነ የሚያንቀሳቅስ የለም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ምድሩ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፣ ቦታውን ለመያዝ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በዚያ ላይ ከኤጅያን ባሕር በበጋ የሚነፍሰው «ሜልቴሚ» የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ጫፉ እዚህም ይደርሳል። ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ማታ እንደ ሠራተኛ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ነፋሱ ከኋላ ወይም ከጎን ሲመጣ ሸራው እንደሚሠራ ማንም ይገባዋል። ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ የለም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፉ ነው። መምህርቷ ይህ አልገባትም ነበር። የዓባይ በረሃን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ግን ይገባዋል፤ ተራራውን ፊት ለፊት የሚወጣ መኪና የለም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚያሸንፈው።

ጀልባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዘነብል ጮኬያለሁ። አንደኛው ጎኗ ውኃውን ሊነካ ደርሶ፣ ኩባያው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዶ። ካፒቴኑ ከሥሯ ብዙ ቶን የሚመዝን ብረት እንዳለ፣ ባዘነበለች ቁጥር እሱ ወደ ቦታዋ እንደሚመልሳት ነገረኝ። አእምሮዬ ተቀበለው፤ ጉልበቴ እስከ መጨረሻው ቀን አልተቀበለውም።

ፓልሽቴክ የሚሉትን ቋጠሮ ያስተማረኝ ፖላንዳዊው ነው፣ ኦፈንባኽ የሚኖር ኤሌክትሪሺያን፣ ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገር። እባቡ ከኩሬው ይወጣል፣ ዛፉን ይዞራል፣ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ይገባል። ጀርመኖች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። አርባ ጊዜ ያህል ቋጥሬ ስፈታ ከጎኔ ተቀምጦ ስለ እናቱ ነገረኝ። በክረምቱ ሞታ ነበር። ዓይኑን ከገመዱ ላይ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም።

ይህ ነገር በኋላ ደጋግሞ ሆነ። ባልና ሚስቱ (ሁለቱም ፋርማሲስት ናቸው) ወደብ በገባን ቁጥር ይጣላሉ፣ ጀልባ ማቆም ትዳር ይፈትናል። ከዚያ ሚስትየው እኔ ጋ መጥታ ሰላጣ እየከተፈች ስለ ያልወለዱት ልጅ ታወራኛለች። በፍራንክፈርት ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ በ11 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ስሙን አልነገረኝም። ሰዎች ይህን ባሕሩ ነው ያመጣው ይላሉ፤ አድማሱ፣ ከዋክብቱ። አይመስለኝም። ለድግስ ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች መካከል ተቀምጦ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ በማይሆንበት ቦታ፣ አፍ ራሱ ይፈታል። እናቴ ግማሹን የሰፈር ምሥጢር የሰማችው ምስር እየለቀመች ነው።

እኔ ግን የምነግራቸው አጥቼ ሳይሆን አልነገርኳቸውም። «ኢትዮጵያ ባሕር አላት?» ብለው ሲጠይቁኝ «ነበራት» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ ሄድኩ።

አሁን ወደ ገሚለር ሌሊት ልምጣ። ገሚለር ትንሽ ደሴት ናት፣ ከኦሉዴኒዝ ብዙም አትርቅም። ጎኗን ሙሉ የቢዛንታይን ዘመን የአብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ ተደርድሯል፤ የአገሬው ሰው የቅዱስ ኒቆላዎስ ደሴት ይላታል። በደሴቷና በምድሩ መካከል ያለው ውኃ ጠለቅ ያለ ስለሆነ ጀልባዎች መልሕቅ ከፊት ይጥሉና በኋላቸው ወደ ድንጋዩ ተጠግተው በገመድ ይታሰራሉ። ማታ አንዲት ሴት በትንሽ ጀልባ መጥታ ጎናችን ተጠጋች፣ ጀልባዋ ላይ ምጣድ ነበራት፤ ሊጡን በቀጭን ዘንግ እየዳመጠች በአይብና በቅጠል ጎዝሌሜ ጋገረችልን። በሕይወቴ ከበላኋቸው እራቶች ሁሉ አልረሳውም። የጀልባዋን ኋላ የሚይዘውን ገመድ እኔ ነበርኩ ያሰርኩት። ኮርቼም ነበር።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ነገር ግም ሲል ነቃሁ። ነፋሱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከተራራው ላይ በጎን ወርዶ ነበር። መልሕቁ ለቅቆ እየተጎተተ ነው። ስወጣ ድንጋዩ በእጅ ባትሪ ብርሃን እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሥቶ «ገመዱን ልቀቂ!» ይላል። ጀልባዋ ላይ ያለውን ጫፍ ማለቱ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ለማሰር ደንቡ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ነው፣ በችግር ጊዜ ቶሎ እንዲፈታ። እኔ ማታ እንዳይፈታ ፈርቼ ስንት ጊዜ እንደጠመጠምኩት አላውቅም። ዙሩ አያልቅም። ጣቴ አይታዘዝም። መምህርቷ በሌሊት ልብሷ መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች፤ አንዷ ትጎትታለች፣ አንዷ ታላላለች። ፖላንዳዊው በኋላ በኩል ተንጠልጥሎ በሁለት እግሩ ድንጋዩን ይገፋል። ወንድማማቾቹ ትልልቆቹን የጎማ መከላከያዎች በእቅፋቸው ይዘው ይሮጣሉ። ማን ምን ያድርግ ብሎ የተከራከረ የለም።

ገመዱ ሲለቅ ከመዳፌ ላይ ቆዳ ይዞ ሄደ። ወደ ሰፊው ውኃ ወጣንና እስኪነጋ ቀስ ብለን ስንዞር አደርን። ካፒቴኑ ስለ ገመዱ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ጠዋት «የእኔ ጥፋት ነው» ስል፣ «ሰንሰለቱን አሳጥሬ የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ። ፋርማሲስቶቹ ሁለቱም መዳፌን ካልጠገንን ብለው ተጣሉ።

ያ ጠዋት መስከረም 1 ነበር። ኔትወርክ በሌለበት «ሰባቱ ራሶች» የሚባለውን፣ ማዕበሉ ከገደሉ ተጋጭቶ የሚመለስበትን ክፉ መንገድ ስናልፍ እናቴ ለእንቁጣጣሽ እየደወለች ነበር። ካልካን ልንደርስ ስንል ስልኬ በፌስታሉ ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። 11 ያልተነሣ ጥሪ። ስደውልላት «ሰጠምሽ መስሎኝ ነበር» አለችኝ፣ እየሣቀች፣ ግን ሣቋ አልነበረም።

ካሽ የምትባለው ከተማ ላይ ሌሎቹ ለምሳ ግሪክ ሄዱ። ቀልድ አይደለም፤ ሜይስ የተባለችው የግሪክ ደሴት ከካሽ ማዶ ናት፤ ለቱርክ ዳርቻ በጣም በምትቀርብበት በኩል ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ የቱርክ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ስለነበር ከሄድኩ አልመለስም። ሊቀሩ ፈለጉ፤ እንቢ አልኳቸው። ከጥንቱ ቲያትር ደረጃ ላይ ሆኜ ሰዎችን የጫነችው ትንሽ መርከብ ስታቋርጥ አየሁ። በግምት 20 ደቂቃ ፈጀባት።

ከሰዓት በኋላ ጠላቂዎችን የሚያሰማራ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻይ ጋበዙኝና ስለ ኡሉቡሩን ሰማሁ፤ ከካሽ ወጣ ብሎ ባሕር ውስጥ የሚገባ የምድር ራስ ነው፣ ከሥሩም አንድ ጥንታዊ መርከብ ሰጥሟል። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የስፖንጅ ጠላቂ ከዚያ ራስ ሥር «ጆሮ ያለው የብረት ብስኩት» አየሁ ብሎ ለካፒቴኑ ይነግራል። ብስኩቱ በአራት ማዕዘኑ እጀታ ያለው የመዳብ ጥፍጥፍ ነበር። ከ1984 እስከ 1994 ድረስ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠልቆ የወጣው ጭነት 10 ቶን መዳብ፣ 1 ቶን ቆርቆሮ (ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ነሐስ የሚሆነው ማዕድን)፣ ሰማያዊ የመስታወት ጥፍጥፍ፣ የሰጎን እንቁላል፣ የዝሆንና የጉማሬ ጥርስ ነው። መርከቡ የሰጠመው ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከጭነቱ መካከል ከግብጽ በስተደቡብ ካለ አገር የመጣ የአፍሪካ ጥቁር እንጨት አለ፤ እኛ ዞጲ የምንለው ዓይነት። ማን ቆርጦት፣ ማን ተሸክሞት፣ ስንት እጅ አልፎ እዚህ እንደ ደረሰ እያሰብኩ ሻዬ ቀዘቀዘ።

«መርከቡ ትልቅ ነበር?» አልኩት ሰውየውን።

«15 ሜትር ገደማ ነው የሚሉት።»

በማግስቱ ኡሉቡሩንን አለፍን። የሚታይ ነገር የለም፤ ገደልና ውኃ። እኔ ግን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ጀልባዋን በዓይኔ ለካሁ። 11 ቶን ብረት። የት አስቀመጡት?

የኬኮቫን ደሴት ሰው ሁሉ ፎቶ ስላነሣት ብዙ አልልም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመሬት መንቀጥቀጥ የሰመጡ ቤቶች ደረጃቸው ውኃ ውስጥ ሲወርድ ከጀልባ ላይ ይታያል፤ እዚያ ላይ መዋኘት ክልክል ነው። ካሌኮይ መንደር ፊት ለፊት ይህ ዳርቻ ሊቅያ ይባል ከነበረበት ከጥንቱ ዘመን የቀረ አንድ የድንጋይ ሣጥን መቃብር ብቻውን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሟል። 25 ሜትር የምዋኝ ሰው ወደ እሱ ሄጄ ተመለስኩ። ርቀቱን አልለካሁትም፣ ጠርዝም አልነበረም። ፖላንዳዊው ከጎኔ በዝምታ ዋኘ፤ እንደማይተወኝ አልነገረኝም፣ አልተወኝም።

የመልሱ መንገድ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሳይነጋ እየተነሣን በሞተር ነው የተመለስነው። አሰልቺ ነበር። ጎጄክ ላይ ተቃቅፈን ተለያየን፣ መምህርቷ አለቀሰች፣ የዋትሳፕ ቡድኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ደምቆ ቀዘቀዘ። ወዳጆቼ ናቸው ወይ ብትሉኝ እንጃ። ሌሊት 9 ሰዓት ብደውል ግን ማን እንደሚያነሣ አውቃለሁ፤ ይህን ለማወቅ ፍራንክፈርት ላይ ዓመታት ይፈጃል።

በተመለስኩ በሳምንቱ የአክስቴን ልጅ እዚያው ሻይ ቤት አገኘሁት። ፎቶዎቹን አሳየሁት። የባሕሩን ቀለም፣ የድንጋይ መቃብሩን፣ የጎዝሌሜዋን ሴት ቶሎ ቶሎ አለፋቸው። ጀልባዋ ከነሙሉ አካሏ ወደብ ላይ የቆመችበት ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። በሁለት ጣቱ አሰፋው።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«ስምንት።»

«ስምንት» አለ፣ እንደ ማስታወሻ። «ሽንት ቤትስ ነበራት?»

«ሁለት።»

ሣቀ። አስተናጋጇ እስክትዞር ድረስ፣ እንባውን በሶፍት እስኪጠርግ ድረስ ሣቀ። «ሁለት!» ይላል፣ ደግሞ ይሥቃል። እኔም ሣቅኩ፣ መሣቅ እንዳለብኝ ሳላውቅ።

«ርዝመቷ ግን ስንት ነው፣ እህቴ?»

«14 ሜትር ገደማ።»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሥቶ ወጣ። ሊያጨስ መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ በረጃጅም እርምጃ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ሄደ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ብስክሌቶች የሚታሰሩበት ብረት ጋ ሲደርስ ቆመና ዞሮ ወደ እኔ ተመለከተ። አልተመለሰም፤ እዚያው ቆመ። ባቡር ገብቶ መሆን አለበት፣ ሰው ከጣቢያው ይጎርፋል፤ ሻንጣ የሚጎትቱ፣ ልጅ ያዘሉ፣ የምሽት ፈረቃ የሚገቡ። በእሱና በበሩ መካከል ያሉትን ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ።